ሰንበቴ ላይ የበቀለው ክሪስታል

አባቴ ሁለት ሴት ልጆች አሉት። አንዷን ወልዶ፣ አንዷን አስተምሮ ነው ያገኛቸው። የወለዳት እኔ ዘይና ነኝ፤ ያስተማራት ነዋል ናት። አባቴ ኑርሁሴን ከሚሴ ውስጥ ኬሚስትሪ ሲያስተምር ያሸበተ ሰው ነው። እኔና ነዋልን በአንድ ክፍል አስቀምጦ አስተምሮናል። ፈተና በመለሰ ቁጥር የነዋልን ወረቀት ከፍ አድርጎ ለክፍሉ ያሳያል፣ የእኔን ደግሞ ገልብጦ ይሰጠኛል። ሁለተኛ ነበርኩ እንጂ ሰነፍ አልነበርኩም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር እወዳለሁ። ነዋል በጭንቅላት ትበልጠኛለች፣ እኔ በእጅ እበልጣታለሁ። እሷ የሰበረቻቸውን ብርጭቆዎች ጠራርጌ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ እሷ አዲስ አበባ ሄዳ ዶክትሬት ጀመረች። እኔ ደሴ ተምሬ ሰንበቴ ከተማ መምህር ሆንኩ። አባቴ በደወለልኝ ቁጥር ስለ እኔ ጤንነት ይጠይቅና ስለ ነዋል ክሪስታል ያወራልኛል። እኔም ለሰላሜ ስል እሰማለሁ።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ዩራኒል ናይትሬት የሚባለውን ዩራኒየም ያለበት ጨው ከፖታሲየም ጋር ውሃ ውስጥ ታቀላቅላለች፤ ውሃው ቀስ ብሎ ሲተን ቢጫ ጨው በክሪስታል መልክ ይበቅላል። ክሪስታሉ በራጅ ሲታይ እያንዳንዱ አቶም የት እንደተቀመጠ ይታወቃል። አስገራሚው ነገር፣ አንድ ዓይነት ጨው ሁለት ዓይነት አቀማመጥ ሊኖረው መቻሉ ነው። ለተማሪዎቼ ስነግራቸው፣ በአንድ ክምር ድንጋይ ክብ ቤትም አራት ማዕዘን ቤትም መሥራት ይቻላል እላቸዋለሁ። ድንጋዩ ያው ነው፣ ቤቱ ግን ሌላ ነው። የነዋል ጨው መጀመሪያ የወጣው እንደ ቅጠል ስስ ሆኖ ነበር። ወራት ቆይቶ ከዚያው ጨው፣ በዚያው ብርጭቆ፣ እንደ እንጨት ጉማጅ ወፍራም የሆነ ሌላ ክሪስታል ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጠሉ እንደገና አልታየም።

ምክንያቱ ይታወቃል። ወፍራሙ ጽኑ ነው፣ ቅጠሉ ደካማ ነው። ወፍራሙ አንዴ ከተወለደ በኋላ በዓይን የማይታይ ብናኙ በአየሩ፣ በጋዋኑ፣ በጸጉሩ ላይ ይቀራል፤ ብናኟ የጨው ውሃ ውስጥ ከገባች እንደ ዘር ሆና ሁሉንም ወደ ራሷ ትለውጠዋለች። አባቴ ይህን ሲያስረዳኝ የጨፋን ሸለቆ ነው ያሳየኝ። ቅንጬ አረም ጨፋ ሲገባ ማን አየው አለኝ። በከብት ኮቴ ገባ፣ በመኪና ጎማ ገባ፤ ከገባ በኋላ የድሮውን ሳር መልስ ቢሉት ሸለቆው ከየት ያመጣል?

ነዋል ላይ የወደቀው መከራ ደግሞ ይህ ነው። ራጅ ለማስነሳት ውጭ አገር የላከችው ቅጠል መንገድ ላይ ተሰነጣጥቆ ስለደረሰ ምስሉ ጎደሎ ሆነ። ሌላ ልላክ ብትል የለም። ሌሎች ላብራቶሪዎችም እንዲሞክሩ ከጨውዋ ቆንጥራ ላከችላቸው፤ ከጨው ጋር ዘሩንም ልካላቸው ኖሮ እነሱም ጋ ወፍራሙ ብቻ ወጣ። ፈታኞቿ ቅጠሉ ድሮም አልነበረም፣ ቆሻሻ የገባበት ነገር ነው ብለው ደመደሙ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለታቸው ነው። አማካሪዋ ዶክተር ሶፍያ ምዕራፉን እንድታወጣው መከሯት። ምዕራፉ ከወጣ የሚቀረው ለዶክትሬት አይበቃም፣ የትምህርት ዕድሏም በዚያው ዓመት ያበቃል። ነዋል በዓይኔ ያየሁትን አላወጣም አለች። ብዙ ነገሯ ያናድደኛል፤ ይህን በማለቷ ግን ወደድኳት።

የሚያስፈልጋት ያ ዘር ያልረገጠው ቦታ ነው። ለአባቴ ደወለች። አባቴ ጋ ደግሞ በትምህርት ቤቱ መጋዘን፣ ማን እንዳዘዛቸው የሚያውቅ ሰው የሌለ፣ ከደርግ ዘመን ጀምሮ በሰም ታሽገው የቀሩ ሁለት የዩራኒል ናይትሬት ጠርሙሶች ነበሩ። ጭምጭምታው ቶሎ ወጣ። ከሚሴ ላይ ቦምብ ሊሠራ ነው ተባለ። ከአዲስ አበባ የጨረራ ባለሙያ መጥቶ በመሣሪያው ለካ፣ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሥራ የሚያሰጋ አይደለም አለና ጓንት፣ መነጽርና ቁልፍ ያለው በር አዞ ፈቀደ። ጁምዓ ከሰገዱ በኋላ አባቴ መስጊዱ ደጅ ቆሞ ይህንኑ ለሕዝቡ አስረዳ። ቦምብ መሥራት ብችል ኖሮ የጡረታዬን ጉዳይ ይህን ያህል ያጓትቱት ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው ሳቁና ተበተኑ።

ከዚያ ጨዉን አቀላቅሎ ሳህኑን በመርፌ በተበሳሳ ወረቀት ሸፈነው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ክፍል እያስተማርኩ ደወለልኝ። ቅጠል ነው አለኝ፣ ወላሂ ቅጠል ነው። መጀመሪያ የደወለው ለነዋል እንደሆነ ሳልጠይቀው ነገረኝ።

ቅጠሎቹ ለራጅ የሚበቁ እንዲሆኑ ጥቂት ቀን እዚያው ውሃው ውስጥ ማደግ ነበረባቸው። ነዋል አላስችል ብሏት መጣች። እውነቷን ለመናገር ተጠንቅቃለች። ሸዋ ሮቢት ላይ ከአውቶቡስ ወርዳ ሙሉ ገላዋን ታጥባ፣ ከጫማ እስከ ሻርፕ አዲስ ገዝታ ለብሳ ነው የደረሰችው። ላብራቶሪው ውስጥም አልገባም ብላ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። አባቴ ግን ሊቀበላት ወጣ።

የእኛ አገር ሰላምታ ለማያውቀው ሰው ትንሽ ልናገር። እጅህን ይይዛል፣ ይስምሃል፤ አንተም የእሱን ትስማለህ፤ እሱ ይደግማል፣ አንተም ትደግማለህ። በዚህ መሀል የልጆቹ፣ የከብቱ፣ የዝናቡ ነገር ይጠየቃል፣ ለሁሉም አልሐምዱሊላህ ይባላል። ከሁለት አንዱ እስኪሸነፍ ድረስ ማንም እጁን አይለቅም። እጁን የሚነፍግ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ ታሟል። አባቴና ነዋል ዓመት ሙሉ ስላልተገናኙ ሰላምታቸው የተማሪዎቹን የዕረፍት ሰዓት ጨረሰ ብሎ የዓይን ምስክር ነግሮኛል። ከዚያ አባቴ ላብራቶሪው ገብቶ፣ ሳህኑን አንሥቶ፣ ውጭ ለቆመችው ነዋል በመስኮት አሳያት።

በማግስቱ ጠዋት ሳህኑ ሥር ወፍራም ጉማጆች ተቀምጠው ተገኙ። የቅጠሎቹ ጠርዝ ተበልቷል። እኩለ ቀን ላይ አንድም ቅጠል አልነበረም።

የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። ነዋል አለቀሰች። አባቴ ግን አላለቀሰም፣ አልላሰም፤ ጥፋቱ ከየት እንደገባ መፈለግ ያዘ። ከአንድ የእህል ነጋዴ ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት ተውሶ መጣ። ዩራኒየም ያለበት ጨው በዚያ መብራት ሲመታ አረንጓዴ ያበራል። መስኮቶቹን ዘግቶ ሁሉንም ነገር በተራ ሲያበራበት፣ በነዋል መነጽር ማጠፊያ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ በራች። ልብሷን ቀይራለች፣ ጫማዋን ቀይራለች፣ መነጽሯን ግን ማን አስቦ ይቀይረዋል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሁለተኛዋ ነጥብ የበራችው አባቴ ጺም ላይ ነበር። ነዋል መነጽሯን በጣቷ የመግፋት ልማድ አላት፤ ጣቷን ደግሞ እሱ ደጋግሞ ስሟል። መስተዋት አስመጥቶ ጺሙን ረጅም ጊዜ ካየ በኋላ ሳቀ። ነዋል በሰላምታው መፍረድ ጀምራ ኖሮ በቁጣ መለሰላት።

«ለድንጋይ ብዬ እጄን ከሰው አልከለክልም። ነገም ብትመጪ እስምሻለሁ።»

ይህን ሁሉ በስልክ ስሰማ ሰንበቴ ነኝ። ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ከሚሴ አልሄድኩም፤ አባቴንም ነዋልንም በአካል አላገኘሁም። ነዋል የደወለችልኝ በዚያው ቀን ማታ ነው።

«ዘይና፣ ንጹሕ እጅ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ» አለችኝ።

«ድሮም» አልኳት።

ሁለተኛው ጠርሙስ አልተከፈተም። እሱን ሰንበቴ አስመጥቼ ቅጠሉን እንዳበቅል ለመነችኝ። ሥራው እስኪያልቅ ግን እሷን፣ አባቴን፣ ያ ላብራቶሪ ውስጥ የገባ ማንንም ሰው እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ። አረፋ ደግሞ እየደረሰ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴን አረፋ ላይ ብቻውን ትቼው አላውቅም። ይህን አስታወስኳት፤ እሷ ግን ልመናዋን ደገመች። እሺ ያልኩት ለእሷ አዝኜ ነው ብል ውሸት ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ይህን የሠራችው ዘይና ናት እንዲባል ፈልጌ ነው። እንደምችለውም አውቅ ነበር።

የከሚሴው ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ሲራጅ ላብራቶሪው ውስጥ ገብቶ ስለማያውቅ ጠርሙሱን ያመጣው እሱ ነው፤ የጨረራ ባለሙያውም ፈቃዱን ቤቴ ውስጥ ወዳለው ባለ ቁልፍ ክፍል አዛውሮታል። ሲራጅ እጁን ሲዘረጋልኝ ጠርሙሱን ግንቡ ላይ አስቀምጥልኝ አልኩት። አስቀመጠው፣ ከላይ እስከ ታች አየኝ፣ ሞተር ብስክሌቱን አስነሥቶ ሄደ። ከሚሴ ሲደርስ የኑርሁሴን ልጅ ናቀችኝ ብሎ እንደተናገረ በኋላ ሰማሁ።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ከሸፈ። ሰንበቴ ከከሚሴም ይሞቃል፤ ውሃው ቶሎ ደርቆ ሳህኑ ላይ ቢጫ ቅርፊት ብቻ ቀረ። አልደነገጥኩም። አንድ ትልቅ እንስራ አስገዛሁና በእርጥብ አሸዋ ሞልቼ ሳህኑን እዚያ ውስጥ አስቀመጥኩት። የመጠጥ ውሃ በዚህ መንገድ እናቀዘቅዝ የለ? ጨውስ ምን ያደርገዋል? አሸዋውን ጠዋት ማታ እያረጠብኩ ጠበቅሁ። አንድ ጠዋት ወረቀቱን ገልጬ ስመለከት ቢጫ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ጥፍር የማያክል ስስ ቅጠል ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ቆሟል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። የማቅፈው ሰው ስላልነበረ እንስራውን መታ መታ አደረግሁት።

የከበደኝ ክሪስታሉ ሳይሆን ገበያው ነው። የሰንበቴን ገበያ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከቆላ አፋሮች ግመልና ፍየል እየነዱ ይወጣሉ፣ ከደጋ ነጋዴዎች ይወርዳሉ፣ ከከሚሴ በአውቶቡስ የመጣው ይጨመራል፤ ሁሉም እጅ ለእጅ ይሳሳማል። ማን አባቴን ሰላም ብሎ እንደመጣ በምን ልወቅ? እጆቼን ሻርፔ ውስጥ ደብቄ በአንገቴ ብቻ ሰላም ማለት ጀመርኩ። ግማሹ ኮራች አለ። ግማሹ እጅ መሳም ቢድዓ፣ ሃይማኖቱ የማያውቀው አዲስ ነገር ነው የሚሉትን ተቀላቀለች አለ። አንዲት የማከብራት የሠፈር እናት እቤቴ ድረስ መጥታ፣ ልጄ ምን አጠፋሁ ብላ ጠየቀችኝ። የጨው ነገር ነው ብዬ ባስረዳት በጄ አላለችም። አዘንኩ፤ እጄን ግን አላወጣሁም።

አረፋ ደረሰ። ቅጠሎቹ አድገዋል፣ ነገር ግን ጥቂት ቀን ይቀራቸዋል። ሶላት ሰግጄ ገብቼ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ ከደጅ በስሜ ተጠራሁ። ስወጣ አባቴ አስፋልቱ ማዶ ቆሟል። ከከሚሴ በበዓል ቀን ተሳፍሮ መጥቷል። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል። በሕይወቱ ባዶ እጁን ሰው ቤት ሄዶ የማያውቅ ሰው ምንም አልያዘም።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ዒድ ሙባረክ» አለኝ ከማዶ።

ሁሉንም ረሳሁት። አባ ና ግባ ብዬ አስፋልቱን ልሻገር ስል፣ ባለሽበት ቁሚ እንደሚል ፖሊስ ራሱን ነቀነቀና ሁለት እጆቹን ወደ ኋላው አደረጋቸው። ቆምኩ። ከሳ ብሎ ታየኝ። ጺሙንም አሳጥሮታል። ያኔ ስንት ዓመት የተጠራቀመ ቅናት ነው በአንዴ የተነሣብኝ። የነዋልን እጅ ሲስም ለድንጋይ ብዬ አልከለክልም ያለ ሰው፣ የእኔ ተራ ሲሆን ይከለክላል?

«ለነዋል ብለህ ነው እጅህን የምትነፍገኝ?» አልኩት። ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

አንድ የጭነት መኪና በመሀላችን አለፈ። እስኪያልፍ ጠበቀ።

«ለነዋል እጄን አልነፈግሁም፤ ሰምተሻል። የተበላሸው የእኔ ሥራ ነበር፣ በገዛ እጄ አበላሸሁት፣ ግድ የለም። ይሄ ግን የልጄ ሥራ ነው። እሱ ላይ እጄን አላሳርፍም።»

መልስ ሳይጠብቅ ቅጠሉ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ስለ እንስራው፣ ስለ እርጥቡ አሸዋ ጮክ ብዬ ነገርኩት። ማሻ አላህ አለ፣ እኔ አላሰብኩትም ነበር አለ፤ ይህን ከእሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤቶቻችን በሁለታችን መሀል አንገታቸውን እያዞሩ ሰሙ። ከዚያ ወደ ከሚሴ የሚመለስ ሚኒባስ አስቁሞ ተሳፈረ። ገብቼ አለቀስኩ። ሳለቅስም እንባዬ እንስራው አጠገብ እንዳይወድቅ ራቅ ብዬ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ቅጠሎቹን ለቀምኳቸው። ሙሉ የሆኑትን መርጬ ስስ የመስታወት ብልቃጦች ውስጥ ከተትኩና አፋቸውን በእሳት ዘጋሁ። አንዱንም አልሰበርኩም። ነዋል አጠገባቸው ሳትደርስ በቀጥታ ራጅ ወደሚነሡበት ውጭ አገር ተላኩ። አንዱ ብልቃጥ ብቻ ለፈታኞቿ ዓይን ምስክር እንዲሆን፣ እንዳይከፈት ተብሎ አዲስ አበባ ሄደ።

ውጤቱ ሲመጣ ነዋል ደወለች። መጀመሪያ ለእኔ ነው የደወለችው። ምስሉ ሙሉ ነው፣ አቶሞቹ እሷ እንዳለችው ነው የተቀመጡት፣ ጨውም ያው አንድ ጨው ነው፤ አቀማመጡ ብቻ ሌላ ነው። ዶክተር ሶፍያ ምዕራፉ ይቆይ ብለዋል። ፈታኞቹም በሥራው ላይ የእኔ ስም እንዲገባ ጠይቀዋል። እያለቀሰች ትስቃለች። እኔም እንደ እሷ ሆንኩ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

እኔ እስከማውቀው ድረስ አሁን ቅጠሉ የሚበቅልበት ቦታ አንቺ ጋ ብቻ ነው አለችኝ። ጽሑፉ ታትሞ እስኪወጣ፣ ዓመት ቢሆን ነው፣ ሰንበቴን እንዲሁ ንጹሕ አድርገሽ አቆይልኝ አለች። ማለትም እስከ ዛሬ እንደነበረው፤ እሷን ሳልነካ፣ አባቴን ሳልነካ። ልክ ናት። በሳይንሱ በኩል የምመልስላት ነገር የለኝም። ለራሴም ቢሆን ቀላል አልነበረም። በዓለም ላይ ሌላ ማንም የማይችለውን ነገር የምችል እኔ ነኝ፤ ሁለተኛ ሆና ለኖረች ሴት ይህ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስልኩን እንደያዝኩ እንስራውን ረጅም ጊዜ አየሁት።

«ብልቃጡን አሳዪያቸው፣ ራጁን አሳዪያቸው» አልኳት። «ከዚያ በላይ አልችልም።»

«ድገሙት ካሉኝስ?»

«እጅ ለእጅ የማይሳሳም አገር ፈልጊ።»

ነዋልም የዚያው አገር ልጅ ናትና፣ ጋሼን ስሚልኝ አለችኝ፤ አባቴን ማለቷ ነው።

ቅዳሜ ከሚሴ ወረድኩ። አባቴ ደጁ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሣ፣ ከዚያ እጆቹን ወደ ኋላው ደበቃቸው።

«ጨረስሽ ወይ?» አለኝ።

«አልጨረስኩም» አልኩትና እጁን ከጀርባው ስቤ ሳምኩት።